የጋራ ጭንቅላት

የአሰላን ወንድ በአእምሮ የሚስተካከለው የለም፤ ይህን የምላችሁ በማስረጃ ነው። የእህል መጋዘኑ ጸሐፊዎች ሊቀጥር ከባድ የአእምሮ ፈተና ሲሰጥ እኔና ባለቤቴ ዘሃራ አብረን ተፈትነን ነበር።

ፈታኙ ውጤት ሊነግረን ብቅ አለ።

«አንደኛ የወጣው ወንድ ነው» ሲል ወንዶቹ አጨበጨብን። አንደኛ የወጣው የበቆጂ ሰው ነው፤ አንዳችንም አናውቀውም። ግን የአንድ ወንድ ጭንቅላት የወንዶች ሁሉ የጋራ ርስት አይደለም እንዴ?

«ሴቶቹ መሃል ናቸው፤ ሁሉም አልፈዋል።»

«መሃል!» አልኳት ዘሃራን፣ እየሳቅሁ።

«ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው አልጨረሰም።»

«የወደቁትም ወንዶች ናቸው። በተለይ የመጨረሻው...» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ጭብጨባው ጠፋ። የዚህኛውን ጭንቅላት የጋራችን ነው የሚል አልተገኘም።

«ይኼንንስ ታውቀዋለህ?» አለችኝ ዘሃራ።

አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ።