ሸራ አታልብሱኝ

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ በመስኮት ካልገባሁ የሚል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የቧንቧ ውሃ ደጁ ድረስ መጥቶለት ዝናብ በበርሜል ያጠራቅማል። ሱቅ የሞላውን የበር እጀታ ራሱ ቀጥቅጦ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በሩ አይዘጋም። "ለምን?" ብሎ የጠየቀው ወዮለት፤ ማብራሪያው እስኪያልቅ ጢሙ ይበቅላል። ይህ ወገን ሥር ሳይሰድ ያለ ርኅራኄ ሊጋለጥ ይገባዋል። እነሆ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የእኛ ሜዳ ዕጣ ክቡር የፀሐይ ባለሟል ናቸው። ሜዳው ግላይደር የምናበርበት ነው፤ ሞተር የሌለው፣ በገመድ ተጎትቶ ከተነሣ በኋላ በሞቃት አየር ላይ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን። ሞተር ባይኖረውም ባትሪ ይፈልጋል፤ ያለ ባትሪ ሬድዮው ዲዳ ነው፣ የበረራ መቅጃውም አንዲት ደቂቃ አይመዘግብም። በረራ ሲያበቃ ክንፉ ይነቀልና አውሮፕላኑ ጎራዴ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ ባለ ጎማ ረዥም የቆርቆሮ ተጎታች ውስጥ ይገባል። ባትሪውስ? ጤነኛ ሰው በሃንጋሩ፣ በአውሮፕላን መጠለያው፣ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ይሰካዋል። ከክቡርነታቸው ተጎታች እስከ ሶኬቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ራሴ ለክቼዋለሁ።

እሳቸው ግን የተጎታቹ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ዘርግተው፣ ሽቦውን በቀዳዳ አውርደው፣ ባትሪዎቹን እዚያው ውስጥ እንደ ጫጩት ደርድረው ይሞላሉ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ስትል "አያችሁ? በላች!" ይላሉ፤ ልጃቸው የመጀመሪያ ጥርስ ያወጣ ይመስል።

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ፀሐይ ግን አንድ ቦታ አትቆምም፤ ስለዚህ ተጎታቹም አይቆምም። በቀን ሦስት ጊዜ "ግፉ!" የሚል አዋጅ ይወጣል፤ ሰፊው የሜዳው ሕዝብ ሥራውን ጥሎ ስምንት ሜትር ቆርቆሮ ይገፋል። መሃል ላይ ስንደርስ "ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል" ይላሉ። ያቺ አንድ ነገር ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየው ጨርቅ ጥላው በሰሌዳቸው ላይ ስለሚያልፍ እንዲዛወርላቸው ለማኅበሩ በጽሑፍ አመለከቱ። ነፋሱም አብሮ ይዛወር እንደሆነ አልገለጹም።

"ክቡርነትዎ፣ ሶኬቱ እኮ እዚያ ነው!"

"ፀሐይን ማን ከለከለን?"

መልሳቸው ይኸው ነው። አንድ ቀን ብቻ ዝናብ ሃንጋር ውስጥ አብሮ ሲያስቀምጠን ሌላ ነገር ተናገሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአሳንሰር ጠጋኝ ነበሩ። "መብራት ጠፋና አንዲት እናት ከሁለት ሕፃናት ጋር በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሃል ግማሽ ቀን ተንጠለጠለች" አሉኝ። "በሩን ፈልቅቄ ሳወጣት እጄን አልለቅም አለች። ከዚያ ወዲህ ከግድግዳ የሚመጣ መብራት አላምንም።"

"ግላይደር አሳንሰር አይደለም እኮ!"

"እሱም ላይ ሰው ተንጠልጥሏል።"

መልስ ያጣ ሰው ቂም አያጣም።

በሜዳችን ሕግ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ተጎታቹን ሁሉ ሸራ አልብሶ ይወጣል። የእሳቸው ላይ ብቻ በቀይ ቀለም "ሸራ አታልብሱኝ" ተብሎ ተጽፏል። ረቡዕ ዕለት መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሕግ ሕግ ነው፣ ተጎታች ሁሉ እኩል ነው፣ ልዩ መብት ይውደም! አለበስኩት። ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።

የማላውቀው ነገር ነበር። አውቶቡስ የምትነዳው የእህቴ ልጅ የብቃት ወረቀቷን ለማግኘት አምስት ሰዓት ሳታርፍ መብረር አለባት፤ መቅጃው ለደቂቃ ቢቋረጥ አይቆጠርላትም። አንዴ ደመና አስወረዳት። ሁለተኛው ጊዜ በረራዋ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ሲደርስ የማኅበሩ ባትሪ ሞተባት፤ ለካስ አንዱ ስልኩን ሊሞላ ከሶኬቱ ነቅሎት ኖሯል። ፈታኙ የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ደግሞ እሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ትሄዳለች። ስለዚህ ለእኔ ሳትነግረኝ ባለሟሉን ባትሪ ለምና ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት "ጋሼ፣ ባትሪዬ በላች?" ብላ መጣች። ተጎታቹ እንደ ሬሳ ተገንዞ ቆሟል። ከፈቱት። አረንጓዴ መብራት የለም። የባትሪ መለኪያቸውን አስነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሙስና ዓርብ ሜዳው ዝግ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታ ፀሐይ አላገኘችም።

"ማን አለበሳት?"

እኔ ድንገት የደመና ሊቅ ሆኜ ወደ ላይ አንጋጥጬ ነበር።

"ሶኬት እንሰካው!" አልኩ በመጨረሻ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ለመነሣት ሁለት ሰዓት ቀርቷታል። አይበቃትም።"

ከዚያ ወደ ራሳቸው አውሮፕላን ሄደው፣ ለዕለቱ በረራቸው በቤታቸው በረንዳ ላይ በፀሐይ ሞልተው ያመጧትን ባትሪ ነቅለው ሰጧት። ከክረምት ጀምሮ የጠበቅነው ሰማይ ነበር።

"እርስዎስ ጋሼ?"

"እኔ ዛሬ ልግፋ።"

የአውሮፕላኗን ክንፍ ይዘው እየሮጡ አስነሷት። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ሬድዮውን አንሥተው "ባትሪዋ እንዴት ናት?" ይሏታል፤ እሷም "ደህና ናት ጋሼ፣ አይጨነቁ" ትላለች። በረራዋ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሞላ ጠሯት። መልስ የለም። እንደገና ጠሯት። እኔ ሣር እየነጨሁ ነበር፤ ምን ያህል ሣር እንደጨረስኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

"አለሁ ጋሼ! ውሃ እየጠጣሁ ነበር።"

አምስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ በረረች። አርፋ እንደወረደች መጀመሪያ እሳቸውን አቀፈች፣ ቀጥሎ ፈታኙን፣ አጎቷን ሦስተኛ።

ሰው ሲበተን ሸራውን እያጠፉ ጠሩኝ። ገመዱን አሳዩኝ።

"ይህችን ቋጠሮ አውቃታለሁ። እዚህ ሜዳ ሁለት ጊዜ የሚቋጥረው አንድ ሰው ነው።"

ስንቱን ያንጰረጰረ ምላሴ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሃል ቆመ።

"ጠዋት ለምን አልተናገሩም?" አልኩ እንደምንም።

"ልጅቷ ልትበር ነው እኮ። የአጎቷን ጉድ ተሸክማ ትነሣ?" ሸራውን ክንዴ ላይ ደፉት። "ለሰው ሹመት ማደል ትወዳለህ አሉ። ያዝ። ከዛሬ ጀምሮ የሸራ ሹም አንተ ነህ።"

ሹመቱን ተቀብያለሁ። በበረራ ቀን ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ ትቢያ ካለበት ባትሪዋ አትበላም። ባለፈው እሑድ አንድ አዲስ አባል ተጎታቹን አብሮኝ ሲገፋ ቆይቶ፣ "ሶኬቱ እዚያ አይደል እንዴ?" አለኝ።

ማብራራት ጀመርኩለት። ጢሙ በመብቀል ላይ ነው።