የጋሼ ስንሻው ቤት፣ በካርቶን

ለአማቱ በገዛ እጁ ስጦታ የሚሠራ ሰው በራሱ ላይ ክስ እየጻፈ ነው። ዶሮ ገዝታችሁ ስጡ፤ ጋቢ አልብሱ፤ ካልሆነም ጉልበት ስማችሁ ዝም በሉ። ግን አደራ፣ በእጃችሁ ምንም ነገር አትሥሩላቸው። የተገዛ ዕቃ ቢበላሽ ጥፋቱ የነጋዴው ነው። እናንተ የሠራችሁት ነገር ከተንሻፈፈ ግን... እኔን አይታችሁ ተማሩ።

የባለቤቴ የባንቺአምላክ አባት ጋሼ ስንሻው ዳንግላ ውስጥ አርባ ዓመት የሠሩ አናጢ ናቸው። ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ጋሪ ከማይጠፋበት መንገድ ዳር፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ራሳቸው ያቆሙት የጭቃ ቤት ነበራቸው። «ነበራቸው» ያልኩት መንገዱ ሲሰፋ ቤታቸው መንገድ ስለሆነ ነው። ብቻቸውን ከሚሆኑ ብለን ወደ እኛ፣ ወደ እንጅባራ አመጣናቸው። መምጣቱንስ መጡ። ግን ይዘዋት የመጧትን አንዲት ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ሳይከፍቱ አራት ወር ሞላቸው። ቅያሬ ልብሳቸው በፌስታል ነው፤ ቦርሳዋ አልጋቸው ግርጌ እንደተዘጋች ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ ዕቃዎን ቁም ሳጥን ውስጥ ላስገባልዎት?» ትላቸዋለች ባንቺ።

«ተይው ልጄ፣ መንገደኛ ዕቃውን አይበትንም።»

ጠዋት ሳሎን ወጥተው እንደተቀመጡ ግንባራቸውን ይይዛሉ። «ይሄ የእንጅባራ ብርድ ራሴን ያዞረኛል» ይላሉ። ዝናቡን ደግሞ አያድርስ ነው። በእሳቸው አነጋገር የዳንግላ ዝናብ አስተዋይ ነው፤ ሰው ቤቱ እስኪገባ ይታገሣል። የእኛው ዝናብ ግን ሰው ያከብር ዘንድ ማንም አላስተማረውም። በመጨረሻ አንድ ቀን ክረምቱ ሲወጣ ዳንግላ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለመመለስ መወሰናቸውን ነገሩን። ባንቺ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗ እንደቀላ ወጥታ እኔን አየችኝ። ያገባችሁ ወንዶች ይህን አተያይ ታውቁታላችሁ። «አንድ ነገር አድርግ» ማለት ነው፤ ምን እንደሚደረግ ግን አይጨምርም።

አሰብኩ። ሰውየው የናፈቃቸው ቤታቸው ከሆነ ለምን ቤታቸውን አላመጣላቸውም? ሰዎች አንድ ሙሉ ሰፈር ከነአጥሩ ከነዛፉ አሳንሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩ በስልኬ አይቻለሁ። ያረጀው ግድግዳ፣ የተላጠው በር፣ የዛገው ቆርቆሮ... ከእውነተኛው አይለይም። እኔ በሕይወቴ አንድ ምስማር ቀጥ አድርጌ መትቼ አላውቅም። ቢሆንም ካርቶንና ማጣበቂያ ማንን ገድሎ ያውቃል?

ልኬቱን አንድ ለሃምሳ አደረግሁት። ግድግዳው የሳሙና ካርቶን ሆነ። ቋሚና ማገሩን ከጓሯችን ቀርከሃ እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኜ ሰነጠቅሁት። ለጣሪያው ካርቶን አንድ ወገኑ ሲላጥ ከውስጥ የሚገኘውን ሞገድ ሞገድ ወረቀት ቆረጥኩት፤ ብርማ ቀለም ሲነካው ቁርጥ ቆርቆሮ መሰለ። ጭቃው የሌላ አገር ጭቃ እንዳይሆን ብዬ ደግሞ ከዳንግላ አንድ ፌስታል አፈር በሚኒባስ አስመጣሁ። ሹፌሩ ሲያስረክበኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመድኃኒት ነው?» አለኝ።

«ቤት እየሠራሁ ነው።»

ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ። «እግዜር ያስጨርስህ» ብሎኝ ሄደ።

ያስቸገረኝ ጭዱ ነው። የጤፍ ጭድ አንድ ለሃምሳ በሆነ ቤት ላይ ሲያዩት አጣና ነው የሚያህለው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ጢሜን ተላጨሁት። አትሳቁ። ተከርክሞ ጭቃው ውስጥ ሲገባ ከጭድ የሚለየው የለም። ባንቺ ልሙጡን አገጬን አይታ ቆመች።

«ለሠርጋችን ተላጭ ብዬ ስለምንህ እንቢ አላልከኝም?»

«ያኔ ቤት እየሠራሁ አልነበረም።»

ቀለም ፍለጋ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ።

«የስንት ክፍል ቤት ነው?» አሉኝ።

«ባለ ሦስት ክፍል። በርና መስኮቱ ሰማያዊ ነው።»

«ስንት ሊትር ላድርግልህ?»

«አንድ ማንኪያ ይበቃኛል።»

ጋሽ ኑሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ቤቴን ላስቀባ አስቤ ነበር፤ ቀቢህን ላክልኝ» አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ከተከፈተ ጣሳ በመድኃኒት ብልቃጥ ቀድተው ሰጡኝ።

የቀረው ማስረጀት ነው። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሰውየው ስፖንጅ ቡናማ ቀለም ነክሮ ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ቆርቆሮው ዓይኔ እያየ ዛገ። እንጅባራ ላይ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ስለዚህ ዝገት እንዴት እንደሚጀመር አየሁ፤ የት ላይ እንደሚቆም ሳላይ ቪዲዮው ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። ጣሪያውን አዛግሁት። በሩን ላጥኩት። ግድግዳውን ሰነጠቅሁት። ቤቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ዓመት ሞላው።

ከሁሉ የኮራሁት ግን በሌላ ነገር ነው። የቤቱ ፎቶ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃ ጭነን ስንነሣ አይሱዙው ላይ ሆኜ፣ በአንድ እጄ ፍራሽ ደግፌ በሌላው ያነሣሁት። ፎቶው ላይ ቤቱ ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ፎቶዬን ይዤ፣ በማስመሪያ ለክቼ፣ የካርቶኑን ቤት ልክ ያንኑ ያህል አዘመምኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልክ ማዝመም ከማቅናት ይከብዳል። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

እሑድ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሥራዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በባንቺ ነጠላ ሸፍኜ ጠበቅኋቸው። ሲቀመጡ ገለጥኩት።

ጎንበስ ብለው ሰማያዊዋን በር በትንሽ ጣታቸው ነኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባንቺ እጄን ጨበጠችኝ። እንዲህ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ ጋሼ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ወደ ግራ መለሱት። እንደገና ወደ ቀኝ...

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ ጋሼ፤ አላወቁትም?»

«የእኔ ቤት ዘሞ ያውቃል?»

«ያው... እርጅና ሲመጣ...»

«አርባ ዓመት ለዳንግላ ሰው ቤት ሳቆም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንተ የአናጢውን ቤት ዘመመ ብለህ ጠረጴዛ ላይ ታሰጣዋለህ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።»

ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። ወዲያው የቦርሳዋ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። ባንቺ እጄን ለቀቀችው።

«መሄዳቸው ነው» አለች። «አራት ወር ለምኜ ያቆየኋቸውን አባቴን በካርቶን አባረርክልኝ።»

ቤታቸውን ላምጣላቸው ብዬ እሳቸውን ከቤቴ ላስወጣ ነው። ስቀልድ ብውልም ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ። ዳንግላ በኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲቀመጡ ታየኝ።

ጋሼ ሲመለሱ ግን በእጃቸው የያዙት ቦርሳዋን አይደለም፤ ቱምቢ ነው። ለማታውቁት፣ ቱምቢ ማለት ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ከባድ ብረት ነው፤ ሠሪ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጥበት። ለካስ ቦርሳዋ ውስጥ ተዘግቶ የከረመው የሥራ ዕቃቸው ኖሯል። ቱምቢውን ከካርቶኑ ቤት ጎን አንጠለጠሉት። ብረቱ ከበሩ ይበልጣል።

«እየው። የእውነት ቤት ቢሆን ሰው አይተኛበትም» አሉ።

«ፎቶው ላይ እኮ...» ብዬ ስልኬን ዘረጋሁ።

ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት።

«ይሄ የመብራት ምሰሶስ?»

አየሁት። ዘሟል።

«ጋሪውስ?»

ዘሟል።

«ፈረሱስ?»

ፈረሱም።

«ምሰሶው ዘሞ፣ ጋሪው ዘሞ፣ ፈረሱ ዘሞ፣ ፎቶ አንሺው ብቻ ቀጥ ብሎ ቀረ?»

ባንቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በል ና፣ አፍርሰን እንሠራዋለን።»

ከቦርሳዋ ውኃ ልኩ ወጣ፣ መጋዙ ወጣ፣ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩት እርሳስ ወጣ። የሳሙና ካርቶን በአናጢ መጋዝ ሲቆረጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቋሚውን አቃኑት። ዝገቱን አስፋቁኝ፤ ቆርቆሯቸውን በየዓመቱ ቀለም ይቀቡት ኖሯል። የሣልኳቸውን ስንጥቆች አንድ በአንድ አስደፈኑኝ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ላይ ስደርስ ግን እጄን ያዙኝ።

«ይቺን ተዋት። ይቺ እውነት ናት። ባንቺ ልጅ ሆና ተቆጥታ በሩን ወርውራ ስትዘጋው የወጣች ናት።»

ባንቺ ጎንበስ ብላ ስንጥቋን በጣቷ ዳሰሰቻት። እኔ ያችን ስንጥቅ እንዲያው በግምት እንደሣልኳት አልተናገርኩም።

ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጋሼ ቱምቢውን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ካለች ምስማር ሰቀሉት። እጃቸውን ሊታጠቡ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ተመለሱ። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቷል፤ ብረቱ ግን ከታች አራት ጣት ርቆ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን ቤት ማን ነው የሠራው?»

«ተሠርቶ ነው የገዛሁት።»

«ስትገዛው ቱምቢ ጥለህበታል?»

«ቀለሙን አይቼ ነው።»

ግንባራቸውን ያዙ። «ለካ ራሴን ሲያዞረኝ የከረመው ብርዱ አይደለም! እኔ የእንጅባራን ስም በከንቱ ሳጠፋ... ይሄ ያንተ ግድግዳ ነው።»

«እና... የዳንግላው ነገርስ ጋሼ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ልጄን እዚህ ውስጥ ትቼ ወዴት ነው የምሄደው? ይሄ ሳይቃና ንቅንቅ አልልም።»

ባንቺ ቃሉ ሳይቀዘቅዝ ክፍላቸው ገብታ የቀሩትን ዕቃዎች ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ባዶዋን ቦርሳ ደግሞ ድንች ሞላቻት። መንገደኛ የሚይዘው ነገር እንዳይኖረው ነው።

ይኸው እስከ ዛሬ እያቃናን ነው። የካርቶኗ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል፣ ጢሜ ውስጧ እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። ትልቁን ግድግዳ ጋሼ ከውስጥ በኩል በባላ ደግፈው ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ይመልሱታል። «እስካሁን ማለቅ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ግትር ግድግዳ አይቼ አላውቅም» እያሉ ይገረማሉ። እኔም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ አጽናናቸዋለሁ። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ... እሳቸው ለምሳ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ እኔ በውጭ በኩል ዞሬ ግድግዳውን በትከሻዬ ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ።