ከፎቁ ሥር የቀሩት ሰዎች

የሮቦት ፊልም ጠላት አይደለሁም። ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ታሙኛላችሁ።

አክስቴ እታፈራሁ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን እኛ ቤት የመጣችው መሬት ተንቀጥቅጦ የቤቷ ግድግዳ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። የእሷስ ተሰነጠቀ እንጂ ቆሞ ቀረ። የጎረቤቷ የወለቴ ቤት ግን እላይዋ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ፣ እቴቴ ነው የምላት፣ ሳቅ ረስታለች። ከባድ መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። ምን ላድርግ? ሮቦት ሲባል የሚያስቅ ነገር መስሎኝ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ቤት ወሰድኳት።

ምኑ ያስቃል! ተራራ የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች ከተማ መሃል ይደባደባሉ። ደጉ የቱ ነው? ክፉውስ? እኔ እንጃ። ሲተናነቁማ ጭራሽ አይለዩም። የጀግናው ፍቅረኛ የሆነችው ልጅ ከፍንዳታ ውስጥ ከንፈሯን እንደተቀባች ትወጣለች። ታሪክ ብትሉ የለም። ያን ሁሉ ገንዘብ ለብረት ከሚያፈሱ፣ ቀነስ አድርገው አንድ ጸሐፊ ቢቀጥሩ ምን ነበረበት?

አንዱ ሮቦት ሌላውን ወርውሮ ፎቅ ሲያፈርስበት እቴቴ እጄን ጨበጠች።

“ፎቁ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?”

“ፊልም እኮ ነው፣ እቴቴ።”

“እሱማ መች ጠፋኝ። ሰው አለ ወይ ነው ያልኩህ።”

ሌላ ፎቅ ወደቀ። ድልድዩም ተከተለ። ከኋላችን ያሉት ጎረምሶች ያጨበጭባሉ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታያለች። በመጨረሻ ደጉ አሸነፈ ተባለ። ጀግናውና ልጅቷ ፍርስራሹ ላይ ቆመው ተሳሳሙ። መብራት በራ፤ ሰው ሁሉ ወጣ። እቴቴ አልተነሣችም።

“አለቀ እኮ፣ እንሂድ።”

“ያወጧቸዋል ብዬ እየጠበቅሁ ነው” አለችኝ። “ወለቴን እኮ አገር ሙሉ በእጁ ቆፍሮ አውጥቶ ነው የቀበራት።”

ሲጨንቀኝ ክፍል ሁለት አለው አልኳት።

“እንግዲያው እዚያ ላይ ይቀብሯቸው ይሆናል” ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ግድግዳዋ ተጠግኖ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ክፍል ሁለት ወጣ። ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ሮቦቶቹ ገዝፈዋል፤ የሚፈርሱት ፎቆች ረዝመዋል። ሰዎቹን ያነሣቸው የለም። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንባ የሚጠርግ አንድ ሰው እንኳ ይታጣ?

በሳምንቱ እቴቴ ደወለች። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ “አየኸው? ቀበሯቸው?” አለችኝ።

“ቀበሯቸው።”

“ፍትሐትስ ተደረገላቸው?”

“በወጉ ነው የተደረገላቸው።”

“እሰይ! አሁን ሰው የሠራው ፊልም ሆነ” አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ አንኮበር ላይ ላገኘችው ሁሉ፣ ያንን ፊልም ሳታዩ እንዳትቀሩ እያለች ትመክራለች።