የሚስተር ዳን ላምና የእኛ ሽማግሌዎች

እኛ ሐበሾች የተኳረፈ ሰው አይተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። አውቶቡስ ላይ ጀርባ የተሰጣጡ የማናውቃቸው ባልና ሚስት እንኳ ያቁነጠንጡናል። እናንተ ይህ አመል ከሌለባችሁ እሰየው፤ እኔን ግን በዚያ ሰሞን ቁጭ ብዬ ሻይ አላስጠጣኝም ነበር።

እዚህ ስደት አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሚስተር ዳን የሚባሉ አየርላንዳዊ አዛውንት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው ያለው በር የሚስተር ጆ ነው። ሁለቱም የአየርላንድ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ሰላምታ ግን የላቸውም። ሊፍት ውስጥ ከተገጣጠሙ አንዱ ወጥቶ በደረጃ ይወርዳል፣ ያውም በከዘራ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ሚስተር ዳን ልጅ ሳሉ የአገራቸው ገበሬ የሚያርሰውን የባላባት መሬት በመንግሥት ብድር ገዝቶ ዕዳውን በየዓመቱ ይከፍል ነበር። የከብት ገበያ ሲወድቅ አባታቸው «አያቶቼ ያረሱትን መሬት ስንቴ ልግዛው?» ብለው እምቢ አሉ። ዕዳ ሰብሳቢዎች መጡ። ወንበር ቢቀርብላቸው አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ ቆይተው ላሟን ነድተው ሄዱ። መንደሩ ጨረታው ላይ ማንም እንዳይገዛት ተማምሎ ነበር። የጆ አባት ገዟት።

በቃ፣ ይኸው ነው ጠቡ። ላሟ ከሞተች ስንት ዘመኗ።

እንግዲህ ሚስተር ዳን ሰኞ ልጃቸው ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ለዘለቄታው ሊሄዱ ነው። ሻንጣቸውን ስሸክፍላቸው በበሩ ቀዳዳ የጆን በር ሲያዩ ያዝኳቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። አንጀቴን በሉት። ሳይታረቁ ሊለያዩ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መቼም ሐበሻ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ስካርቦሮ የሚባለው ሰፈር ላሉት፣ ስንቱን ትዳር ላስታረቁት ለጋሽ መኮንን ኮል አደረግሁ።

«ለሚስተር ዳን አስቀድሜ ልንገራቸው?» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ፣ ሽማግሌ ቀጠሮ አይዝም» አሉኝ።

ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከተፍ አሉ። ሚስተር ዳን ወንበር አሳዩ። ጋሽ መኮንን እንደ ደንቡ «ጉዳያችንን እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ። እኔ ሞኟ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

የሚስተር ዳን ፊት አመድ መሰለ። ኮስተር ያሉ ሦስት ወንዶች ቤታቸው መሃል ቆመው አንቀመጥም ይላሉ። ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ። የበሩን መቃን ይዘው «ጆ! ሰብሳቢዎቹ መጡ!» ብለው ጮኹ።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ሚስተር ጆ በፒጃማ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ መጥተው ከሚስተር ዳን ጎን ቆሙ። ከዘራቸውን ቀሰሩብን።

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ነገር የለም» አሉን። ቀጥለውም ወደ ዳን ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያኔም እንዲህ ከጎናችሁ ነበር መቆም የነበረብን» አሉ።

ሚስተር ዳን ክንዳቸውን ያዙ። እኔ እንባዬ መጣ። እነሱ ግን አራታችንንም አስወጥተው በሩን ዘጉብን።

«እርቅ ወረደ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ሊፍቱ ውስጥ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

ሰኞ ሻንጣውን እስከ ታክሲው የጎተቱት ሚስተር ጆ ናቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ፤ ሾፌሩ እንኳ ሳይነጫነጭ ጠበቃቸው። እኔም ልሰናበት እጄን ዘረጋሁ። ሚስተር ዳን ታክሲው ውስጥ ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩኝና መስኮቱን ዘጉ።

ሽማግሌዎች እንጂ ሰብሳቢዎች አይደሉም ብዬ ስንት ጊዜ ጻፍኩላቸው። መልስ የለም። እስከ ዛሬ እንደተኳረፍን ነን፤ ሽማግሌ እንዳልልክባቸው ደግሞ እንዴት አድርጌ።