የሚስቴ እልልታ የማን ነው?

የእኛ አገር ሰው ወሰኑን ሲነኩበት አይወድም። በደብረ ታቦር ዙሪያ አንድ ትልም ገፍቶ ያረሰ ጎረቤት ካለ፣ ባለመሬቱ ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ካልሆነም ከችሎት ችሎት ሲንከራተት ይከርማል እንጂ ያችን ትልም አይለቅም። ደግ ያደርጋል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ታዲያ ለወሰኑ እንዲህ የሚንገበገብ ሰው፣ መልኩና ድምፁ ሲወሰድበት ለምን ዝም ይላል? ዝም ማለት ብቻ ነው እንዴ! «ይኸው እኔም ወጥቻለሁ» እያለ ለጎረቤት ያሳያል እንጂ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ዝም ባለማለቴ የደረሰብኝን ስሙኝ።

ሚስቴ የሺ ትባላለች። ከተጋባን ሃያ አራት ዓመታችን ነው። የሺ እልልታ ታውቅበታለች። ስትጀምረው ቀጭን ነው፤ ከዚያ ይወፍራል፤ አለቀ ስትሉ እንደገና ይነሳል። ሰው ድግስ ሲያስብ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ የሚያስበው እሷን ነው። ለታቦት እልል ትላለች፤ በዚህ አልቀናም፣ ያን ያህልማ አልደፍርም። ለአራስ እልል ትላለች፤ ለጎረቤት ልጅ ምርቃት እልል ትላለች። ለእኔስ? በሠርጋችን ቀን ራሷ ሙሽራ ነበረችና እልል አላለችም፤ ይሁን። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ዕለት ግን ደብዳቤውን ይዤ እየሮጥኩ ብገባ፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ጨው ገዝቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

ባለፈው ጥር የየሺ እህት ጋፋት ላይ ልጇን ዳረች። ሠርጉን በቪዲዮ የቀረጸው ማሩ ነው። ማሩ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ሜዳልያ የተሸለመ የሚመስለው ሰው ነው። ሠርጉ ካለፈ ሁለት ወር እንደሆነው ቢሮ የምንጋራው ባልደረባዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ፣ ይቺ የሺ አይደለችም እንዴ አለኝ። የሺ ናት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ በደስታ እየበራ እልልልል ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ዓይን በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወደ እኔ ሲመለከት አላየሁም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ያ አጫጭር ቪዲዮ የሚጋፋበት ሰፈር (ስሙን አልጠራም፤ ስልካችሁ ውስጥ አለ) ለካስ የአንዱን ድምፅ ሌላው አንስቶ የራሱ ምስል ላይ እንዲለጥፍ ይፈቅዳል። የየሺ እልልታ አገር ላገር ይዞራል። ይፋግ ላይ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ የሺ እልል ትልለታለች። ሌላው ጎል አግብቶ እልል ትልለታለች። አንዱ ቦርጫም ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብቶ፣ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ሆዱን እየዳበሰ ሲወጣ የእኔ ሚስት እልል ትልለታለች! ወገኖቼ፣ ይኼ ይቻላል? ባለባጃጁንስ ግዴለም፣ ደክሞ ነው ያገኘው ልበል። ያ ቦርጫም ግን ምን ሠራ? ታጠበ። እኔም እኮ እታጠባለሁ!

ከሁሉ የባሰው ከሥሩ የተጻፈው ነው፦ «ዋናው ድምፅ፦ ማሩ ፎቶና ቪዲዮ»። የማሩ ድምፅ! ማሩ እኮ ሲያስነጥስ እንኳ አይሰማም። ቀናሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። በማሩ ቀናሁ፣ በባጃጁ ቀናሁ፤ እዚያ ሠርግ ላይ የሺን ከመቀመጫዋ ባስነሳው በማላውቀው ሰው ደግሞ ከሁሉም አብልጬ ቀናሁ።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ቤት ገብቼ፣ ለማን ነው እልል ያልሽው ብዬ ጠየቅኋት። ቪዲዮው ላይ የምትታየው እሷ ብቻ ናት፤ ከፊቷ ማን እንዳለ አይታይም። እኔም ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ ግን በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል የትኛው የማን እንደሆነ ማን ይለያል? የሺ፣ ሠርግ አይደል እንዴ፣ ለሠርግ ነዋ አለች። ለሙሽራዋ ነው? ለሙሽራው? ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረችው። «እልልታ አንዴ ከአፍ ከወጣ የሰሚው ነው። በሞቴ ይኼን ነገር አትቆፍረው» አለችኝ። አትቆፍረው! ለቀናተኛ ሰው አትቆፍር ማለት ዶማ ማቀበል ነው።

በነጋታው ማመልከቻ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይደባደብ ነበር፤ እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ያለ ቀንና ቁጥር አልጣላም። «ጉዳዩ፦ የባለቤቴን እልልታ ስለማስመለስ» ይላል። ማሩ አነበበና፣ ማህተም ይጎድለዋል ብሎ ቀለደብኝ። ቀጥሎም «ጋሼ፣ ካሜራው የኔ፣ ባትሪው የኔ፣ ያን ቀን ፀሐይ የፈጀው አናት የኔ። እርስዎ ምን አለዎት?» አለኝ። ሚስቲቱ አለችኝ አልኩት። ድምፄንም ከፍ አድርጌ፣ ስትወስደው እሷን አስፈቅደሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሱም ረጋ ብሎ፣ እርስዎስ ሲመጡ አስፈቅደዋታል ወይ አለኝ። ይኼ ከማመልከቻው ውጭ የሆነ ጥያቄ ስለነበር አልመለስኩለትም።

ጠበቃ የሆነው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። የቀረጸውም መብት አለው፣ የተቀረጸችውም መብት አላት፤ ለክርክር ግን ያቺ ቁራጭ ከየት እንደተቆረጠች እንድናይ ሙሉው ቅጂ ይቅረብ አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ሕጉስ ይቆየኝ፤ እኔ ማየት የፈለግሁት ያን ሰውዬ ነው። ማሩንም ተከራክሬ እሺ አሰኘሁትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሙሽራዋ እናት ቤት ተሰበሰብን። የሺ እኔ ምን ቤት ነኝ ስትል ቆይታ፣ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማሩ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው።

ሙሽሮቹ ገቡ። ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ሰው ተነሳ፤ ትኩር ብዬ ባይ እኔው ነኝ። ስለ ትዳር ሁለት ቃል እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ጥሩ አድርጌም ተናግሬያለሁ፤ እስከዚያች እሑድ ድረስ የማምነው እንደዚያ ነበር። ማሩ ወደ ፊት አሳለፈው፤ ቆሜያለሁ። አሁንም አሳለፈው፤ ቆሜያለሁ፤ ፀሐይዋ ግን ቦታ ቀይራለች። አንዱ ሚዜ በሌላው ትከሻ ላይ ተኝቷል። ወጥ አውጪዎቹ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። «በመጨረሻም» ስል ራሴን ሰማሁ፤ ዳሱ ተነቃነቀ። ጥቂት ቆይቼ እንደገና «በመጨረሻም» አልኩ። በሦስተኛው «በመጨረሻም» ሙሽራዋ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ከዚያ ይህን ካልኩ በኋላ እቀመጣለሁ አልኩና፣ እንደምንም ተቀመጥኩ።

ካሜራው የዞረው ያኔ ነው። የሺ ብድግ አለች። ነጠላዋን መለሰች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ዓይኗ በራ፤ እልልልልል! ዳሱ በሙሉ ተቀበላት። ቄሱ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

የሙሽራዋ እናት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ያ የቀናሁበት ሰውዬ ለካ እኔው ኖሬያለሁ። ሃያ አራት ዓመት የጠበቅሁት እልልታ የእኔ ነበር፤ ስለተቀመጥኩ። ባለባጃጁም ቦርጫሙም፣ አገሩ ሁሉ ደስታውን የሚገልጸው የእኔ ንግግር ባለቀበት እልልታ ነው።

ማሩ ጉሮሮውን ጠረገና በትሕትና፣ ከእንግዲህ ዋናው ድምፅ በማን ስም ይሁን አለኝ፤ ከፈለጉም ሙሉውን ከነመነሻው እለቀዋለሁ አለ። የለም፣ የለም፣ ባንተው ስም ይቆይ፣ ያምርብሃል አልኩት። ወዲያው ወረቀት ተቀብዬ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ «ሙሉው ቅጂ የግል ምስጢሬ ስለሆነ ለማንም እንዳይታይ።» ፈረምኩና እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

የሺ ከበሩ ተነስታ መጥታ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ወረቀቱን አንስታ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ይኸው ነው? አለቀ?» አለችኝ። አዎ፣ አለቀ አልኳት።

ነጠላዋን መለሰችና እጇን ወደ አፏ ወሰደች።