የጋሼ ሚዛን አራት ኮከብ

በኢንተርኔት ጨረታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ ጋሼ ሚዛን አለው። የለኝም የሚል ሻጭ ካለ፣ የላከው ዕቃ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ጋሼ ሚዛን ወጣትም ሊሆን ይችላል፣ ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። ዕቃውን ከማየቱ በፊት ለማጓጓዣ ስንት እንደተጠየቀ ያያል፣ ያየውንም አይረሳም።

የእኔው ጋሼ ሚዛን ተራ አባል አይደሉም፤ ማኅበር ቢኖራቸው ሊቀመንበሩ እርሳቸው ይሆኑ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን በየወሩ ካርቶን ላይ ስለምጽፈው አውቀዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን በዚያ ስም የጠራቸው ሰው የለም።

የምሸጠው የድሮ ሬዲዮ መለዋወጫ ነው። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሱቁን ሲዘጋ አርባ መሳቢያ ሙሉ ማዞሪያ፣ አንቴናና ድምፅ ማጉያ ወደ እኔ ቤት አጋዘው። ባለቤቴ አንድ ዓመት ታገሠ። በሁለተኛው ዓመት፣ ሽንት ቤት ለመግባት አንቴና መሻገር ሲጀምር፣ ወይ መሳቢያዎቹ ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ አለ። እኔም ትንሽ አሰብኩበትና መሳቢያዎቹን ጨረታ ላይ አወጣሁ።

ጋሼ ሚዛን መጀመሪያ ያሸነፉት አንድ የድምፅ ማዞሪያ ነበር። ዕቃው በደረሳቸው ቀን ገጼ ላይ አስተያየት ጻፉ። «ዕቃው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሉ ሦስት መቶ ሰማንያ ግራም ሆኖ ሳለ የግማሽ ኪሎ ሒሳብ ተጠይቋል። በመርህ ደረጃ ነው እንጂ ስለ ሳንቲሙ አይደለም። ይታረም።» አራት ኮከብ።

ደሜ ፈላ። ላባም ብልክ የመላኪያው ሒሳብ ከግማሽ ኪሎ እንደሚጀምር፣ ይህንንም የወሰንኩት እኔ እንዳልሆንኩ በትሕትና ጻፍኩላቸው። ትሕትናው እንኳን ያን ያህል አልነበረም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፤ ለአራት መቶ ግራም የተለየ የዋጋ መደብ አለ፣ ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ሄደሽ ጠይቂ የሚል። ላሳፍራቸው ብዬ ሄጄ ጠየቅሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ መደቡ አለ፣ እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ግን የጠየቀ ሰው የለም አለኝ። የላከኝን ሰው ስም ስነግረው ሌላም ነገር ጨመረልኝ። ጋሼ ሚዛን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው መስኮት ሥር የሰው ጥቅል ሲመዝኑ ኖረዋል።

ልዩነቱን መለስኩላቸው። እርሳቸውም ሌላ ማዞሪያ ገዙ።

ከዚያ ወዲያ ሳይገዙኝ ያለፈ ወር የለም። አንዴ ዕቃው እንዳይሰበር ብዬ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልዬ ላክሁላቸው። «ዕቃው ጥሩ ነው። ጋዜጣው ሃምሳ ግራም ይመዝናል። በተጨማሪም ገጽ ስምንት ላይ የተጀመረው ጽሑፍ ወደ ገጽ አሥራ አንድ ዞሯል፤ ገጽ አሥራ አንድ ግን አልተላከም። ይታረም።» አራት ኮከብ። በሚቀጥለው ወር ገጽ አሥራ አንድን ፈልጌ ላክሁ። አሁንም አራት ኮከብ፤ ጽሑፉ መጨረሻው ላይ አላረካቸውም።

ሌላ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ማጓጓዣ በነጻ አደረግሁ። ከሁሉ የከፋው ክርክራችን የመጣው ያኔ ነው። ነጻ የሚባል ማጓጓዣ በዓለም ላይ እንደሌለ፣ እኔም ዋጋውን ዕቃው ውስጥ እንደሸሸግሁት በሦስት አንቀጽ አስረዱ። የሚያናድደው፣ እውነታቸውን ነበር።

አድራሻቸው ሩቅ አይደለም፤ ሁለት አውቶቡስ ነው። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ጣጣ ለመገላገል፣ ዕቃውን እኔው ራሴ በእጄ ላምጣልዎት ብዬ ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር። «ዕቃ የሚመጣው በጥቅል ነው። ሌላው ግርግር ነው።»

ባለቤቴ ዝም ብለሽ አግጃቸው ይላል። ገጹ ላይ ገዢን ማገጃ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ጣቴን ሁለት ጊዜ አስጠግቼባታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን፣ እርሳቸውን ላግድ ቁልፏን ልጫን ስል፣ አንድ የማላውቀው ገዢ «ዕቃው ተሰንጥቆ ደረሰኝ፣ አታላይ ናት» ብሎ በሰጠኝ አንድ ኮከብ ሥር ጋሼ ሚዛን ጽፈው አገኘሁ። «ስንጥቁ በሁለተኛው ፎቶ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ከሥሩም ተጽፏል። ገዢ ከመጫረቱ በፊት ያንብብ። ይህች ሻጭ ፕላስተር ታበዛለች እንጂ አታታልልም። ይታረም።» ገዢው ኮከቡን አነሣ። እኔም ጣቴን አነሣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ወርቁ ምልክት መናገር አለብኝ። በተከታታይ ሠላሳ ጊዜ አምስት ኮከብ ያገኘ ሻጭ ስሙ አጠገብ የወርቅ ምልክት ይደረግለታል፤ ዕቃውም ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይታያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን ምልክት ተመኘሁ። አሥራ ስምንት ስደርስ፣ ሃያ ሁለት ስደርስ፣ ጋሼ ሚዛን በአራት ኮከባቸው ይመጡና እንደገና ከአንድ ያስጀምሩኛል። ባለፈው ወር ሃያ ዘጠኝ ደረስኩ። ሠላሳኛውን ጨረታ ማን አሸነፈ? መገመት አያቅትም።

ያን ዕለት እንደ ሙሽራ ነው የጠቀለልኩት። ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ካርቶኑን የመረጥኩት በግራም ነው፤ ጋዜጣ የሚባል ነገር አጠገቡ አልደረሰም። ሲንቀሳቀስ ስለሰማሁት ብቻ ፕላስተሩን አንድ ዙር ጨመርኩ። ከዚያ አራት ቀን ስልኬን እያየሁ ሰነበትኩ።

በአምስተኛው ቀን አምስት ኮከብ መጣ። አስተያየት የለውም፤ አንድም ቃል።

የወርቁ ምልክት ወዲያው ስሜ አጠገብ ብልጭ አለ። ባለቤቴን ጠራሁት፣ ልጆቹን ጠራሁ፣ ለአባቴም ደወልኩለት። እራት ላይ ግን ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ግራም የለም፣ መርህ የለም፣ ይታረም የለም። ሰውየው አንድ ነገር ሆነዋል አልኩ። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ስትለምኚው የነበረ ነገር መጣልሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ።

በማግስቱ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ መርፌ በትንሽ ካርቶን አድርጌ፣ አድራሻቸውን እንደ ወትሮው ጽፌበት፣ ሁለቱን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ሻጯ ነኝ ስላት በሩን ይዛ ሳቀች፤ በዚህ ቤት ስሜ በየወሩ እንደሚነሣ ነገረችኝ። አባቷ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ማንበብ ተከልክለዋል። ኮከቡን የሰጠችው እሷ ናት፤ ዝም ብላ ሁሉንም ተጭና ላከችው።

ወደ ውስጥ ስገባ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አየሁ። ያሉት የእኔ ካርቶኖች ናቸው። ሁሉም ላይ ቀኑና ግራሙ በእርሳስ ተጽፏል። አንዱን ከፈት አደረግሁ፤ ማዞሪያው እኔ እንደጠቀለልኩት ተመልሶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሬዲዮው የት ነው ብዬ ልጃቸውን ጠየቅኋት።

«የምን ሬዲዮ?» አለች። «አባባ ሬዲዮ ኖሮትም አያውቅም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቆጣቢ ገዢ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ በየወሩ የማንኳኳው ጥቅል የናፈቀው አንድ መስኮት ኖሯል።

ጋሼ ሚዛን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል፣ ሚዛናቸው ጠረጴዛው ላይ በእጅ ቅርብ ነው። ማንነቴን ነገርኳቸው። ሰላም ከማለታቸው በፊት እጃቸውን ዘረጉ፤ ካርቶኑን ሰጠኋቸው።

«ስንት ነው ብለሽ ነው?»

«ሁለት መቶ ሃያ ግራም፣ ጋሼ።»

መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ሁለት መቶ አርባ» አሉ።

ሚዛናቸው ላይ አስቀምጬ አነበብኩ። ሁለት መቶ አርባ ነበር። ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእርሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና እርሱ ነው።

ከዚያ ለባለፈው ዕቃ ስንት ኮከብ እንደተሰጠኝ ጠየቁ። ልጃቸው እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። አራት ብል እርሳቸው አያውቁብኝም፣ ወርቁም ከእኔ ጋር ይኖራል።

«አምስት፣ ጋሼ» አልኩ። «ያለ አስተያየት።»

«አምስት?» ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ፕላስተሩ ስንት ዙር ነበር?»

«ሦስት።»

«ሁለት አይበቃውም ነበር?»

«ይበቃው ነበር።»

ስልካቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «ክፈቺው፣ እኔ እየነገርኩሽ ጻፊ» አሏት።

ስመለስ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ስልኬ ጮኸ። የወርቁ ምልክት ተነሥቷል፤ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ብቻዬን ስስቅ አይተው ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ደስ ብሎኛል። ከሥር ያለውን ከፍቼ አነበብኩ።

«ዕቃው ጥሩ ነው። ፕላስተር በዝቷል። ሻጯ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቴ ድረስ መጥታ ጠይቃኛለች፤ ለዚህ የሚሆን ኮከብ ገጹ ላይ የለም። ይታረም።»

አራት ኮከብ።