ክብርት ቋሚ ደዋይ

ሬዲዮ ጣቢያ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ጣቢያውን እሱ ያቋቋመው የሚመስለው አንድ አድማጭ አይጠፋም። ደሞዝ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ያለው ስልክና ምላስ ነው። በኛ ከተማ ይህን ሹመት የያዙት ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ማን ሾማቸው? ራሳቸው!

ክብርትነታቸው ሬዲዮውን ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይደውላሉ። ጣቢያው የቆዩ ዘፈኖች ብቻ ያሰማ በነበረ ጊዜ የጠዋቱን አቅራቢ «አንተ ልጅ፣ በሕይወት ያለ ዘፋኝ የላችሁም?» አሉት። ዘፈኑ ሁሉ የወጣት ጭፈራ ሲሆን ደግሞ «በናንተ ምት ፔዳል ስረግጥ የሰው ኮሌታ ጠመመብኝ!» ብለው ጮኹበት። ወሬ ብቻ ሲሆን «ወሬማ ጎረቤቴ ታወራልኛለች፤ እሷ ቢያንስ ማስታወቂያ የላትም» አሉ። መዝጊያቸው ሁሌም ያው ነው፦ «ለአለቃህ ንገረው፣ እኔ ነኝ ያልኩት!»

አለቃው ግን ሰው ይሰማል? ፎርማት የሚባለውን የፕሮግራም ዓይነት እንደ ካልሲ የሚቀያይር ሰው! አድማጭ ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠይቀው የአድማጭ ቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በመጨረሻ ሰንጠረዡ «የሰው ድምፅ ይቅር፤ ፖፕ ዘፈኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ይምረጥ» አለው። አቅራቢው ከሥራ ተሰናበተ።

አዲሱ ፎርማት በተጀመረበት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ለንግግሩ እንዲመች ሥርጭቱን በየክፍሉ የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ ተዘግቷል። አለቃው «በዚህች ደቂቃ ከተማው በሙሉ እየሰማን ነው!» ይላል። አቅራቢው ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ዕቃውን ይሰበስባል። ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆናችኋል?»

«ምነው እትዬ፣ ይሄኛውንም አልወደዱትም?»

«የምን ይሄኛው! ሬዲዮው ጭጭ ብሏል! ባትሪ ቀየርኩ፣ በጥፊ መታሁት፣ ጎረቤት ሄጄ ሰማሁ፤ እዚያም ጭጭ! ደህና ናችሁ ወይ?»

ቀና ብሎ ሲያይ የኮምፒውተሩ ስክሪን ደርቋል። ጉድ እኮ ነው! ጣቢያው ድዳ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ሲያጨበጭብ ከነበረው ሠራተኛ አንድም ሰው የገዛ ጣቢያውን አልሰማም! አቅራቢው ዘሎ ማይክሮፎኑን ከፈተ፤ ቀዩ መብራት በራ።

«እትዬ፣ አየር ላይ ነን! ምን ላሰማዎት?»

አንድም ዘፈን ወድደው የማያውቁት ሴት ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ያሻህን። ብቻ አንተ እያወራህ ቆይ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ።»

እንዲህ ያለውን ጨቅጫቃ ዕድሜውን ያርዝመው!

አለቃው ወሬውን ሰምቶ እያለከለከ ስቱዲዮ ደረሰ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ቀዩን መብራት አየና ቃሉን ዋጠ። ሌሎቹ የስልክ መስመሮች ተራ በተራ ብልጭ ይሉ ጀመር። አለቃው ጎንበስ ብሎ በአቅራቢው ጆሮ «ነገም እንዳትቀር» አለው። ማይክሮፎን ግን ሹክሹክታ አያከብርም፤ ከተማው ሰማ።

«ምን አለ? ልትቀር ነበር እንዴ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ስጠኝ እስቲ ያንን ሰውዬ!»

አቅራቢው ዓይኑን በእጅጌው ጠራረገና፣ በታላቅ ደስታ ስልኩን ለአለቃው አቀበለ።